የካሲልዳ ስኳርና የወንድሟ እግር

ካሲልዳ ባዶ የስኳር ከረጢት ጥላ አታውቅም፤ ታቃጥላለች። የለውዙን ሥራ ጨርሳ፣ የመዳብ መጥበሻዋን አጥባ፣ ከረጢቱን አጣጥፋ ምድጃ ውስጥ ትከተውና አመድ እስኪሆን ከአጠገቡ አትነቃነቅም። በቪያልባ ለውዝ የሚያጣፍጡ ሰዎች ሁሉ እንዲህ ናቸው። ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ስንት የስኳር ከረጢት እንዳለ ያየ ጎረቤት፣ መጥበሻው ውስጥ ስንት እንደገባ ማወቁ አይቀርም። ካሲልዳ ይህን የምታውቀው የሰው ቆሻሻ ገላልጣ አይታ ስለምታውቅ ነው። ሌባ እናት ልጇን አታምንም ይባል የለ።

ለውዝ ሲባል ከመሬት የሚቆፈረው ኦቾሎኒ አይደለም፤ የአሮን በትር ያፈራችው፣ ዛፍ ላይ የሚያብበው ነው። ቪያልባ ከስፔኗ ቡርጎስ በስተሰሜን፣ ነፋስ የማይለያት ትንሽ ከተማ ናት፤ ስሟ የሚነሣውም በዚህ ለውዝ ነው። ለውዙ ከነልጣጩ ከስኳርና ከውሃ ጋር ይጣዳል። ውሃው ሲያልቅ ስኳሩ አሸዋ ይሆንና ፍሬውን ነጭ አድርጎ ያለብሰዋል፤ ያላወቀ ሰው ተበላሸብኝ ብሎ የሚደፋው እዚህ ላይ ነው። ያወቀ እሳቱን ቀነስ አድርጎ ማማሰሉን ይቀጥላል፤ አሸዋው መልሶ ይቀልጥና ቡናማ፣ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ካባ ይሆናል። ከዚያ እብነ በረድ ላይ ይዘረገፋል፣ ሳይቀዘቅዝም ፍሬ ከፍሬ ይላቀቃል።

ይህን በቪያልባ ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። የማይታወቀው መጠኑ ነው፤ ለምን ያህል ለውዝ ምን ያህል ስኳር የሚለው። መጠኑ የየቤቱ ምስጢር ነው። ለካሲልዳ የነገረቻት አማቷ ናት፤ እሷም ከአልጋ መነሣት ካቃታት በኋላ፣ በሩን አስዘግታ፣ በጆሮዋ። የካሲልዳ ባል፣ ያውም የአሮጊቷ የገዛ ልጅ፣ ሳያውቀው ሞተ። ካሲልዳም ስኳሯን ከአንድ ቦታ አትገዛም። ግማሹን ከሰፈሯ ሱቅ፣ ግማሹን በአውቶቡስ ቡርጎስ ድረስ ሄዳ ትገዛለች። ሁለቱ ባለሱቆች አንድ ቀን ተገናኝተው ቢነጋገሩስ ብላ ስለምትሰጋ፣ አንዳንዴ የማያስፈልጋትንም ትጨምራለች።

ከደጃፏ ፊት ለፊት የፑራ ሱቅ አለ። ፑራም ለውዝ አጣፋጭ ናት፤ የእናቷም የአያቷም ሙያ ነው። ሁለቱ ሴቶች አንድ ትምህርት ቤት ተምረዋል፣ በአንድ ዓመት ተድረዋል፣ በተራ ባል ቀብረዋል። ጠዋት በየመስኮታቸው ደኅና አደርሽ ይባባላሉ። ከዚያ በላይ ግን አንዷ የሌላዋን ወጥ ቤት ረግጣ አታውቅም። ካሲልዳ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ተረት እንደ ጸሎት ትደግመዋለች። ፑራም እንደዚያው ትላለች ነው የሚባለው።

የነገሩ መነሻ አውራ ጎዳናው ዳር ያለ የመንገደኞች ሱቅ ነው። ሱቁ የካሲልዳን ለውዝ ለመሸጥ ፈለገ፤ ነገር ግን በሕጉ መሠረት የለውዙ ከረጢት ጀርባ ላይ ምን ያህል ቅባት፣ ምን ያህል ፕሮቲን፣ ምን ያህል ስኳር እንዳለው መጻፍ አለበት አለ። ልጇ ኒየቨስ ደስ አላት። ሩቤን የሚባል፣ እንዲህ ያለውን ስሌት የሚሠራ ወጣት ከቡርጎስ ይዛ መጣች። ወጣቱ ኮምፒውተሩን ከፍቶ፣ የለውዙንና የስኳሩን ክብደት ቢነግሩኝ ሌላውን እኔ አሰላዋለሁ አለ።

ካሲልዳ ጫማውን አየች። አዲስ ነው። እንዲህ ያለ ጫማ ማን ገዝቶ ሰጠው? መኪናውን ያቆመውም ከፑራ ሱቅ ፊት ነበር።

«መጠኑን ለምን ፈለግከው?» አለችው።

«ካለሱ የስኳሩን ቁጥር ማግኘት አይቻልም፣ እሜቴ።»

«የስኳሩን ቁጥር ከጻፍክማ መጠኑን ጻፍከው ማለት ነው። ያነበበ ሁሉ ወደኋላ ያሰላዋል።»

ኒየቨስ እናቷን በዓይኗ ተለማመጠቻት። ሌላ ሰው ሁሉ እየጻፈ መሆኑን፣ የብስኩቱም የወተቱም ጀርባ እንደዚሁ መሆኑን ሩቤን በትዕግሥት አስረዳት። ካሲልዳ እስኪጨርስ ሰማችው። ከዚያ ወደ መጥበሻው ዞር ብላ «ሦስት እጅ ለውዝ፣ አንድ እጅ ስኳር» አለችው። ከአፏ የወጣበት ፍጥነት ራሷንም አስደነገጣት። አማቷ በጆሮዋ የነገረቻት ግን ይህን አልነበረም።

በሳምንቱ ከረጢቶቹ ታትመው መጡ። ከጀርባቸው ትንሽ ሠንጠረዥ ነበር፤ ከመቶ ግራም ውስጥ ሃያ ስምንቱ ስኳር፣ የቀረው ቅባት፣ ፕሮቲንና ፋይበር የሚሉት አሰር። ካሲልዳ አንዴ አየችውና በልቧ ሳቀች። ፑራ አሁን ቁጭ ብላ ወደኋላ ታስላ። ደግሞስ የከረጢት ጀርባ የሚያነብ ማን አለ?

አንድ ሰው ነበረ፤ እሱም የሚኖረው ከራሷ ቤት ፎቅ ላይ ነው።

ታላቅ ወንድሟ ኤሊሴዮ የባቡር ጣቢያ ሠራተኛ ነበር፤ ትዳር አልያዘም፤ ጡረታ ሲወጣ ካሲልዳ ዘንድ ገባ። የስኳር በሽታ አለበት። ከምግብ በፊት ኢንሱሊኑን ይወጋል፤ ምን ያህል እንደሚወጋ የሚወስነውም በሚበላው ነው። የጤና ጣቢያዋ ሐኪም ስሌቱን አስተምራዋለች፣ እሱም የባቡር ሰዓት እንደሚያከብር ሰው ያከብረዋል። ሌላው ዳዊት እንደሚደግም እሱ የብስኩት ካርቶን ጀርባ ይደግማል። ሱቅ ውስጥ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ቁጥር ሲያነብ ከኋላው ሰልፍ ይቆማል። የእህቱን ለውዝ ግን በሽታው ከተገኘበት ጀምሮ ቀምሶት አያውቅም፤ ቁጥር አልነበረውማ። ካሲልዳም የተዘጋጀውን ሁሉ ሳጥን ውስጥ ቆልፋ ቁልፉን አንገቷ ላይ ታስራለች። ለሌባ ብቻ ሳይሆን ለሱም ብላ ነው።

አባታቸው በዚሁ በሽታ እግሩን አጥቶ ነው የሞተው። መጀመሪያ ጣቱን ቆረጡት፣ ቀጥሎ ቁርጭምጭሚቱን፣ ከዚያም ከጉልበቱ በታች። እናታቸው የቀረውን አንድ ጫማ ሁልጊዜ ትወለውለውና ደረጃው ሥር ታስቀምጠው ነበር። ካሲልዳ ልጅ ሆና በዚያ ጫማ በኩል ስታልፍ ፊቷን ታዞር ነበር።

በመከር መጨረሻ የኤሊሴዮ ቀኝ እግር ሁለተኛ ጣት ላይ ትንሽ ቁስል ወጣች። አልደርቅ አለች። ውሃ ይጠማው ጀመር፣ ጋዜጣ ሲያነብ ፊደሉ ይደበዝዝበታል። ሐኪሟ ደሙን አይታ ቅንድቧን ከፍ አደረገች። ኤሊሴዮ የበላውን ሁሉ እያሰላ እንደሚወጋ፣ አንድ ቀንም እንዳላጓደለ ማለ። ሐኪሟ ግን እሱን አልተመለከተችም፤ የተመለከተችው አብራው የመጣችውን ካሲልዳን ነው።

«አንድ ሰው ጣፋጭ እየሰጣቸው ነው» አለች። «ይሄ ስኳር ካልወረደ ጣቱን አናድነውም። ጣቱ ላይ ብቻ የሚቆም ከሆነም ዕድለኛ ናቸው።»

ካሲልዳ ወደ ቤቷ ስትመለስ አንድ ነገር ብቻ ታስብ ነበር፤ ማነው የሚሰጠው?

በማግሥቱ ኤሊሴዮ ፊቱን ሲላጭ የኮቱን ኪስ ፈተሸች። መሐረብ፣ የአውቶቡስ ትኬት፣ እርሳስ። የኪሱ ጥግ ላይ ግን አንድ ቡናማ ፍርፋሪ እጇ ገባ። ክር ተጣብቆበታል። ክሩን ነቅላ ፍርፋሪውን ምላሷ ላይ አደረገችው።

ጣዕሙ የራሷ ነበር። እሳቱ የሷ፣ ምሬቱ የሷ፣ ስኳሩ የሷ። ሳጥኑ ግን ተቆልፏል፣ ቁልፉም አንገቷ ላይ ነው። ስለዚህ ከሷ ቤት አልወጣም። ከሷ ቤት ካልወጣ ደግሞ፣ በቪያልባ እንደ ካሲልዳ አድርጎ ለውዝ የሚያጣፍጥ ሌላ ሰው ተገኝቷል ማለት ነው።

ኤሊሴዮ ከሰዓት በኋላ የት እንደሚውል ታውቃለች፤ ጡረተኞች ክበብ ሙስ የሚባለውን ካርታ ይጫወታል። የጨዋታ ጥንዱ ደግሞ ፑራ ናት። ካሲልዳ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። ነገሩ ሁሉ በአንዴ ተያያዘላት። ወንድሟ ፎቅ ላይ ሆኖ የመጥበሻውን ድምፅ፣ የሚዛኑን ኳኳታ ሲሰማ ኖሯል። መጠኑን አውቆታል። ወስዶም ለፑራ ሸጦታል፤ ዋጋውም ለውዝ ነው። እግሩን በለውዝ የሚለውጥ ሞኝ ወንድም!

በዚያ ሳምንት ሁለት ነገር ተከታተለች፤ የኤሊሴዮን ጣትና የፑራን መስኮት። ጣቱን ጠዋት ጠዋት እሷው ታጥብለት ነበር፤ ጠርዙ እየጠቆረ ነው። ጫማው ስላስቸገረው ጫፉን በቢላ ቀደደው። ስታሽግለት፣ ምን በላህ ዛሬ ትለዋለች። ሽምብራ፣ ጎመን፣ አንድ ቁራሽ ዳቦ፣ ሁሉንም አስልቼ ይላታል። ፊቱ ላይ አንዳች የሐሰት ጥላ አታይም። ይህ ደግሞ የባሰ አስፈራት፤ ሰው በዚህ ዕድሜው ውሸት እንዲህ አሳምሮ ከየት ይማራል? የፑራ ሱቅ ላይም ዓይኗን ተክላ ዋለች። ፑራ ብዙ ትስቃለች። ለምን ትስቃለች? አንድ ቀን ጭስ ከወትሮው ቀደም ብሎ ወጣ። ከረጢት ጨመረች ማለት ነው? ካሲልዳ ለኒየቨስ ስልክ ደውላ ይህን ሁሉ ልትነግራት ነበር፤ ግን ኒየቨስም ሩቤንን ያመጣች ናት ብላ ተወችው።

ሐሙስ ዕለት ኮቷን ለብሳ ወደ ክበቡ ሄደች። አልገባችም፤ በመስኮቱ ጥግ ቆማ አየች። ሙስ የሚጫወቱ ጥንዶች በፊታቸው ምልክት እንዲነጋገሩ ይፈቀድላቸዋል፤ ከንፈርን መንከስ ሁለት ንጉሥ ይዣለሁ ማለት ነው። ኤሊሴዮ ፑራን እያየ ከንፈሩን ነከሰ። ካርታው ግን ገና አልታደለም ነበር። ፑራም ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ኤሊሴዮ እጁን ከጠረጴዛው ሥር ሰድዶ አንድ ነገር አፉ ውስጥ ጨመረ።

ካሲልዳ በሩን ገፍታ ገባች። አራት ጠረጴዛ ሙሉ ሽማግሌ ቀና አለ።

«መጠኑን ማን ነገረሽ?» አለቻት ፑራን።

«የምን መጠን?»

«የኔን። ከኪሱ አግኝቼ ቀምሼዋለሁ። የኔ ጣዕም ነው። አንቺ እጅ እንዴት ገባ?»

ፑራ ልታድል የያዘችውን ካርታ ጠረጴዛው ላይ ደፋችው።

«የገዛ ለውዝሽን ቀምሰሽ የገዛ ለውዝሽ መሆኑን ነው የደረስሽበት? እንኳን ደስ ያለሽ ካሲልዳ።»

ከኋላ ያሉት ሳቁ። አንዱ፣ አንዲት ሴት ዶሮዬን ሌባ ወሰደብኝ ብላ እሪ ስትል ዶሮዋ ብብቷ ሥር ተገኘች ብሎ ተረት ጨመረ። ኤሊሴዮ ብቻ አልሳቀም። የለውዙ የስኳር ካባ ሰው ሠራሽ ጥርሱ ላይ ተጣብቆበት ከንፈሩን ደጋግሞ ይነክስ ነበር። እንደምንም አላቅቆት ከጠረጴዛው ሥር አንድ ከረጢት አወጣ። የካሲልዳ ከረጢት ነው፤ ስሟ ፊቱ ላይ፣ ሠንጠረዡ ጀርባው ላይ።

ኒየቨስ ናት የሰጠችኝ አለ። አጎቴ አሁንማ ተጽፏል፣ አስልተህ መብላት ትችላለህ ብላ። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ከአውራ ጎዳናው ሱቅ እየገዛች ታመጣለታለች። ለካሲልዳ ያልነገሩት እንዳትጮህ ብለው ነው። ለውዙ ራሱ ወዳጅ ነው አላት፤ ቅባቱም፣ ፕሮቲኑም፣ አሰሩም ደም ውስጥ ቀስ ብሎ ነው የሚገባው፤ መጠንቀቅ ያለበት ከካባው ነው፤ የካባውንም ልክ አንቺው ጽፈሽልኛል። በቀን ግማሽ ከረጢት። ሙስ ሲሸነፍ ደግሞ ትንሽ ጨመር። ሁሉንም እያሰላ ወግቶበታል። ይህን ሲናገር እርሳሱ እጁ ላይ ነበር።

ካሲልዳ ከረጢቱን ተቀበለችው። ሃያ ስምንት። ያኔ በልቧ የሳቀችበት ቁጥር ነው።

«እኔ ነግሬው ነበር» አለች ፑራ። አሁን ድምፅዋ ዝቅ ብሏል። «ይሄ ቁጥር ልክ አይደለም አልኩት፤ ሁለት ጊዜ ሦስት ጊዜ። ሃያ ስምንት ስኳር እንዲህ አያብለጨልጭም አልኩት። ምን ብሎ እንደመለሰልኝ ታውቂያለሽ?»

ካሲልዳ ከረጢቱን ገልብጣ የገዛ ስሟን አየች።

«ካሲልዳ አገሩን ሁሉ ታታልላለች፣ አንቺንም ታታልላለች። እኔ የምበላው ነገር ላይ ግን ውሸት አትጽፍም አለኝ።»

ኤሊሴዮ እንደ ማፈር ብሎ እግሩን ወደ ወንበሩ ሥር ሳበው። ከተቀደደው ጫማ ጫፍ ላይ ነጩ ፋሻ ታየ። ካሲልዳ ዕድሜዋን ሙሉ ማን ሊዘርፈኝ ነው ስትል ኖራለች፤ ባለሱቆቹን፣ ወጣቱን፣ ልጇን፣ ይህችን ሴት። ከሁሉም አንድ ሰው ብቻ ሳይጠረጥራት ኖረ። የተመነጠረውም እሱ ነው።

አማቷ ታወሰቻት፤ የተዘጋው በር፣ ጆሮዋ ላይ ያረፈው ትኩስ ትንፋሽ። ለልጄም እንዳትነግሪ ብላት ነበር። ደረጃው ሥር የነበረው አንድ ጫማም ታወሳት።

«እኩል በእኩል ነው» አለች።

«ምኑ?» አለ ኤሊሴዮ።

«መጠኑ። ለአንድ ኪሎ ለውዝ አንድ ኪሎ ስኳር። ሦስት ለአንድ ያልኩት ውሸት ነው። ለዚያ ልጅ ዋሸሁት፤ አንተ ታነበዋለህ ብዬ አላሰብኩም።» ድምፅዋ ጮክ ብሎ ነው የወጣው። አራቱም ጠረጴዛ ሰማ።

ኤሊሴዮ መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ። ከረጢቱ ጠርዝ ላይ በእርሳሱ ቀስ እያለ አሰላ፤ አንዴ አጥፍቶ እንደገና ጻፈ። «እንግዲያው እጥፍ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው» አለ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻላት ነበር። እርሳሱን ኪሱ ከተተና፣ ለኔ እንኳ በጆሮዬ ብትነግሪኝ ኖሮ ለማንም አልናገርም ነበር አላት።

ፑራ ተነሥታ ኮቷን ከግድግዳው አወረደች። ሐኪሟ እስከ ስንት ሰዓት እንደምትቆይ ጠየቀች፣ መልሱንም ሳትጠብቅ ኤሊሴዮን በአንድ ክንዱ ያዘችው። ካሲልዳ ሌላውን ያዘች። ሦስቱ በአደባባዩ በኩል ነፋሱን እየገፉ ሄዱ። መንገድ ላይ የተናገረ አልነበረም፤ በዓምዶች የተደገፈው የአደባባዩ መተላለፊያ መጨረሻ ላይ ሲደርሱ ግን ፑራ ፊቷን ወደ ሌላ አዙራ «የኛም እኩል በእኩል ነው» አለች። «እናቴ ስታጣጥር ነው የነገረችኝ። በሩን አስዘግታ።»

ካሲልዳ ወዲያው አላመነቻትም። ጥቂት እርምጃ ከሄደች በኋላ «የሎሚ ልጣጭስ ትጨምሪበታለሽ?» ብላ ጠየቀቻት።

«እሱን አልነግርሽም።»

መሐል ላይ የነበረው ኤሊሴዮ፣ ያንን ሁሉ ሕመም ይዞ፣ ሳቀ።

ጣቱ አልዳነም። ከገና በፊት ቡርጎስ ሆስፒታል ወስደው ቆረጡት። እግሩ ግን ቀረለት፤ የደሙም ስኳር ወረደ። ካሲልዳ የታተሙትን ከረጢቶች በሙሉ ከአውራ ጎዳናው ሱቅ አስመለሰች። ለሩቤንም ራሷ ደወለችለት፤ እኩል በእኩል ስትለው እሱ ምንም አልደነቀውም፤ እንደዚያ መስሎኝ ነበር አላት። ይህም ትንሽ አናደዳት። አዲሱ ሠንጠረዥ እስኪታተም ድረስ በየከረጢቱ ጀርባ እውነተኛውን ቁጥር በእጇ ጻፈች። ኤሊሴዮ አጠገቧ ተቀምጦ፣ የታሸገ እግሩን በርጩማ ላይ ሰቅሎ፣ አንድ በአንድ አረጋገጠላት። ፊርማ የሚያስፈልገው ይመስል ከእያንዳንዱ ሥር ትንሽ ጭረት ያደርግ ነበር። በዓል ሲሆን ጥቂት ፍሬ እየመረጠች በእጁ መዳፍ ላይ ታስቀምጥለታለች። እሱ ያሰላል፣ ይወጋል፣ ይበላል። አሁንም ልክ ነው ወይ ብሎ አይጠይቃትም። እሷ ግን ፍሬዎቹን እጁ ላይ ካስቀመጠች በኋላ ሳትጠየቅ «ልክ ነው» ትለዋለች።

አንድ ጠዋት ካሲልዳ ሥራዋን ጨርሳ፣ መጥበሻዋን አጥባ፣ ባዶውን የስኳር ከረጢት እንደ ልማዷ አጣጠፈች። ምድጃው በር ላይ ስትደርስ ቆመች። ከዚያ ወደ ውጭ ወጣችና ቆሻሻ መጣያው ላይ ጣለችው፤ ከላይ፣ ጽሑፉ ለሰው እንዲታይ አድርጋ።

ገብታ ከመጋረጃው ጀርባ ቆመች። ፑራ ስታልፍ ታየው እንደሆነ ልታይ።